ጂ.ፒ.ኤስ. ወይስ የወረቀት ካርታ? በብቸናና በሞጣ መስመር በሞተር ለሚጓዝ ነጋዴ የሚያዋጣው

በምሥራቅ ጎጃም የጤፍ አዝመራ ተሰብስቦ ውቂያ ሲጀመር የእህል ነጋዴውና የደላላው እግር ይፈጥናል። ቀድሞ አውድማ የደረሰ እህሉን ቀድሞ ያያል፤ ቀድሞ ያየም በዋጋው ላይ የመጀመሪያውን ቃል ይናገራል። የጭነት መኪና ከዋናው መንገድ ወርዶ በየቀበሌው መዞር ስለማይችል እህል ለማየት፣ ናሙና ለመያዝና ቀብድ ለመክፈል የሚሻለው ሞተር ብስክሌት ነው።

አገሩን የሚያውቅ ሰው ካርታ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ብቸናና ሞጣ ለሚዘልቀው ገዢ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አገር ለማየት በሞተር የሚጓዘው መንገደኛና እንግዳ ተቀብሎ የማስጎብኘት ሥራ ለመጀመር የሚያስበው ባለ ገንዘብም ከዚሁ ጥያቄ አያመልጡም። ገንዘብ የሚወጣው ለሳተላይት መሣሪያ ነው? በእጅ ላይ ያለው ስልክ ይበቃል? ወይስ የወረቀት ካርታ ገዝቶ ማጠፍ ይሻላል?

የመስመሩ ጠባይ

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተጓዥ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ደጀን ላይ ይወጣል። ደጀን ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንደኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲሄድ ሌላው በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በግንደወይን አልፎ ሞጣ ይደርሳል፤ ከዚያም በአዴት በኩል ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል።

ብቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ናት። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ወፍ እንደሚበረው በቀጥታ ቢለካ 80 ኪ.ሜ. ያህል ነው። መንገዱ ግን ስለሚዞር ወደ 100 ኪ.ሜ. ይጠጋል።

ይህ ልዩነት የሚመጣው ከመሬቱ አቀማመጥ ነው። በስተምዕራብ የጮቄ ተራራ አለ፤ በስተምሥራቅና በስተሰሜን ደግሞ የዓባይ ሸለቆ። እንደ ሱሃ ያሉት ወንዞች ከጮቄ ተነሥተው ወደ ዓባይ ሲወርዱ መሬቱን አግድም ይቆርጡታል። በመሆኑም በዚህ አገር ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው 10 ኪ.ሜ. ብቻ የሚመስለው ርቀት ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ሌላ ዳገት መውጣትን የሚጠይቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ጂ.ፒ.ኤስ.ም ሆነ የወረቀት ካርታ መመዘን ያለበት ይህንን በሚናገርበት ችሎታው ነው።

ሳተላይቱ ምን ይሠራል?

ጂ.ፒ.ኤስ. የአሜሪካ መከላከያ የሠራው ሥርዓት ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪ.ሜ. ያህል ርቀው ይዞራሉ፤ ዓለምን ለመሸፈን ቢያንስ 24 ያስፈልጋሉ፤ በሥራ ላይ ያሉት ደግሞ ከዚያ ይበልጣሉ። እያንዳንዱ ሳተላይት በጣም ትክክለኛ ሰዓት ይዞ ጊዜውንና ያለበትን ቦታ በሬድዮ ይናገራል። በተጓዡ እጅ ያለው መሣሪያ ምልክቱ ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ያገኛል። የአራት ሳተላይቶች ምልክት ከደረሰው ኬንትሮሱን፣ ኬክሮሱንና ከፍታውን ያውቃል። የሬድዮ ምልክት በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪ.ሜ. ያህል ስለሚጓዝ፣ በሰዓቱ ላይ የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት ቢፈጠር ቦታው 300 ሜትር ይዛባል።

እ.ኤ.አ. በ1983 የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን መንገድ ስቶ በሶቭየት ኅብረት ተመትቶ ከወደቀ በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዓቱ ለሲቪል አገልግሎት ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። ይሁን እንጂ ለሲቪሎች የሚሰጠው ምልክት ለብዙ ዓመታት ሆን ተብሎ እንዲዛባ ይደረግ ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ማዛባቱ የቀረው በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ የቆመ ተራ መሣሪያ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ቦታውን ያውቃል። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱ ስለተጨመሩም አብዛኞቹ አዳዲስ ስልኮች ከአንድ በላይ ሥርዓት ይቀበላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሳተላይቱን ምልክት ለመቀበል ኔትወርክም ሆነ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሲም ካርድ የሌለው ስልክም ያለበትን ቦታ ያውቃል። ኢንተርኔት የሚፈልገው ካርታው ነው። ካርታው አስቀድሞ ካልወረደ ስልኩ ባዶ ሰሌዳ ላይ አንድ ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ያሳያል፤ ነጥቡ ትክክል ቢሆንም ለመንገደኛው አይረባውም።

ይህ ለአማራ ክልል ተጓዥ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ አንሥቶ በክልሉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ ካርታውን ቀድሞ አውርዶ የያዘና በኢንተርኔት ብቻ የሚተማመን ሰው እኩል አልነበሩም።

ስልክ ወይስ የተለየ መሣሪያ?

ለሞተር ተብለው የሚሠሩት እንደ ጋርሚን ዙሞ ያሉ መሣሪያዎች ውኃ አይገባባቸውም፤ ጓንት ባጠለቀ እጅ ይነካሉ፤ ከሞተሩ ባትሪ በቀጥታ ኃይል ይወስዳሉ። ሆኖም መሣሪያው ውድ ነው፤ በውስጡ ያለው የኢትዮጵያ ካርታም ዝርዝሩ ሊሳሳ ስለሚችል ገዢው ከመክፈሉ በፊት ብቸናንና ሞጣን ፈልጎ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ያሉ ቀበሌዎች መኖር አለመኖራቸውን ማየት ይገባዋል። መሣሪያውን ከውጭ አገር ይዞ ለመግባት ያሰበ ደግሞ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድሞ ጉምሩክን ቢጠይቅ ቦሌ ላይ ከመከራከር ይድናል።

ስልክ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይገኛል። ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውና በፈቃደኞች የሚሞላው የዓለም ካርታ ኦስማንድንና ኦርጋኒክ ማፕስን በመሳሰሉ አፕሊኬሽኖች በነፃ ይወርዳል። ጉግል ማፕስም አንድን አካባቢ ለይቶ ማውረድ ይፈቅዳል። ፈቃደኞች የሚሞሉት ካርታ አንዱን ቀበሌ በዝርዝር አሳይቶ የጎረቤቱን ባዶ ሊተወው እንደሚችል ግን መታወስ አለበት። ባዶ ቦታ ማለት መንገድ የለም ማለት ሳይሆን የመዘገበው ሰው የለም ማለት ሊሆን ይችላል።

የስልኩ ድካም ሌላ ነው። ፀሐይ ላይ ይግላል፤ ብርሃኑ አይታይም፤ ዝናብ ሲነካው ጣትን ከጠብታ መለየት ያቅተዋል። ባትሪው ካርታ እያሳየ ቀኑን ሙሉ አይዘልቅም። ንዝረትም አለ። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የኃይለኛ ሞተር ብስክሌቶች ንዝረት የአይፎን ካሜራን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በጠጠርና በኮረት ላይ የሚሄድ ሞተረኛ ስልኩን መሪው ላይ አስሮ መዋል ዋጋ ያስከፍለዋል። ስልኩን በደረት ኪስ አድርጎ፣ መገንጠያ ላይ ቆሞ ማየት ይሻላል። ስልኩ ባንክም፣ መደወያም፣ ካርታም ከሆነ ደግሞ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም የሚባለው ለዚህ ነው።

የወረቀት ካርታ ያለው ሞያ

የእንግሊዙ ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ከለንደን በትራያምፍ ሞተር ተነሥቶ ዓለምን ሲዞር ኢትዮጵያን ያቋረጠው ሳተላይት የሚባል መሪ በሌለበት ዘመን ነበር። ዛሬም ከግብፅ ወይም ከኬንያ የሚመጡ ባለ ሞተር ጎብኚዎች የሚሽሊንን የአፍሪካ ካርታ ይዘው ይታያሉ። የዚህ ካርታ መስፈርት 1፡4,000,000 ነው። በእርሱ ላይ ከብቸና እስከ ሞጣ ያለው ርቀት 2 ሴ.ሜ. ብቻ ነው። አገር ከአገር ለማገናኘት ጥሩ ቢሆንም ጤፍ ገዢን ወደ ቀበሌ አያደርሰውም።

ለዚህ የሚሆነው ቀድሞ በካርታ ሥራዎች ድርጅት ስም ይታወቅ የነበረው መሥሪያ ቤት ያዘጋጃቸው ካርታዎች ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በ2014 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ከኅዋ ሳይንስ ዘርፍ ጋር ተጣምሮ የኅዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆኗል። የ1፡250,000 ካርታ 1 ሴ.ሜ. ለ2.5 ኪ.ሜ. ይቆማል፤ ከብቸና ሞጣ 32 ሴ.ሜ. ያህል ይሆናል፤ ሁለት ሉህ ይበቃል። የ1፡50,000 ካርታ ደግሞ 1 ሴ.ሜ. ለግማሽ ኪ.ሜ. ስለሚቆም ዝርዝሩ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሉህ የሚሸፍነው በአራት ማዕዘን 27 ኪ.ሜ. ገደማ በመሆኑ ለዚሁ መስመር አምስት ያህል ሉህ መግዛትና ማጠፍ ያስፈልጋል። ካርታ ለመግዛት የሚሄድ ነጋዴ መታወቂያውንና የድርጅቱን ደብዳቤ ቢይዝ አይጎዳም።

የወረቀቱ ትልቁ ጥቅም ኮንቱር የሚባሉት የከፍታ መስመሮች ናቸው። መስመሮቹ ከተጠጋጉ ገደል፣ ከተራራቁ ሜዳ ማለት ነው። በትንሽ ስክሪን 5 ኪ.ሜ. ብቻ የሚመለከት ሰው ከፊቱ ያለው የሱሃ ገደል መሆኑን የሚያውቀው አፋፉ ላይ ሲደርስ ነው። ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ካርታ ግን ወንዙን፣ ሸንተረሩንና መንገዱ ለምን እንደሚዞር በአንድ እይታ ያሳያል። የትኛው ቀበሌ ከየትኛው ጋር በአንድ ቀን እንደሚጣመር፣ የጭነት መኪናው የት ቆሞ እንደሚጠብቅ የሚወሰነው ከጉዞው በፊት ማታ በዚህ ካርታ ላይ ነው።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። ወረቀት ያረጃል። ከታተመ በኋላ የተሠራን መንገድ አያውቅም፤ የተነሣ ገበያን አያሳይም፤ ዝናብ ላይ ይበሰብሳል። ከሁሉም በላይ “አንተ እዚህ ነህ” አይልም።

ሰባራ ድልድይ የሚያስተምረው

ካርታ ሁሉ የትናንት ወሬ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከሞጣ ወደ ሰሜን ወርዶ በዓባይ ላይ፣ ጎጃምን ከጎንደር የሚያገናኝ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን መሐሉ ተቆርጦ ስለቀረ ስሙ “ሰባራ ድልድይ” ሆነ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰው የሚሻገረው ከዳርና ከዳር በሚጎተት ገመድ ወገቡን ታስሮ ነበር።

አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ የድልድዩን ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ አይቶ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የተሰበረው ክፍል በብረት ተጠገነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ብረቱን ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

ስለሆነም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ፣ አራት ዓይነት እውነት ነበረ ማለት ነው፤ የተሰበረ ድልድይ፣ የተጠገነ ድልድይ፣ ድልድይ የሌለበት ወንዝ፣ አዲስ የእግር ድልድይ። በየትኛው ዓመት የተሠራ ካርታ የትኛውን እንደሚያሳይ የሚታወቀው ዳር ላይ የተጻፈውን ዓመት ሲያዩ ብቻ ነው። የስልክ ካርታም ከዚህ ነፃ አይደለም። የእግር መንገድን እንደ መተላለፊያ ቆጥሮ “ከሞጣ ወደ ደቡብ ጎንደር አቋራጭ አለ” ቢል፣ አምኖት የወረደ ሞተረኛ ዓባይ አፋፍ ላይ የሚያገኘው ለሰውና ለአጋሰስ የተሠራ መሻገሪያ ነው።

ስለዚህ ድልድይና ወንዝ በሚኖርበት አቋራጭ ላይ ከማሽንም ከወረቀትም ይልቅ በዚያው ሳምንት የተሻገረ ሰው ቃል ይበልጣል። ጥያቄው ግን በወጉ መጠየቅ አለበት። “መንገድ አለ?” ለተባለ ሰው “አዎ” ማለት ቀላል ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ገበሬ ሁልጊዜም መንገድ አለው። “በዚህ ሳምንት ሞተር አልፎበታል? ውኃው እስከ ምን ይደርሳል?” ብሎ የጠየቀ ግን የሚጠቅመውን መልስ ያገኛል።

ሁለቱን አብሮ ለመጠቀም

ወረቀቱንና ሳተላይቱን ማጣመር የሚፈልግ ሰው ሁለት ወጥመዶችን ይጠንቀቅ። የመጀመሪያው የልኬት መነሻ ነው። የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ሥርዓት ሲሆን ጂ.ፒ.ኤስ. የሚጠቀመው ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 የሚባለውን ነው። መሣሪያው ወደ ካርታው ሥርዓት ካልተቀየረ በሁለቱ መካከል ከ100 ሜትር የሚበልጥ ልዩነት ይፈጠራል። ሜዳ ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ ገደል አፋፍ ላይ ግን ከወንዙ ወዲህና ወዲያ የመሆን ያህል ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። መሣሪያው “መድረሻ 18፡30” ካለ ከምሽቱ 12፡30 ማለት ነው፤ ፀሐይ ገብታለች። ማሽኑ ይህን ሰዓት የሚያሰላው በተለመደ ፍጥነት ስለሆነ የጭቃ፣ የከብት መንጋና የኬላ ጊዜ አልገባበትም። በተራራው አገር ግማሽ ያህል ጨምሮ መያዝ ብልህነት ነው።

የስም ጉዳይም አለ። በላቲን ፊደል የተጻፈ የቀበሌ ስም በየካርታው ይለያያል፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ቦታዎችም ብዙ ናቸው። አስተማማኙ ዘዴ ነጋዴው አውድማው ላይ ቆሞ ቦታውን በስልኩ መመዝገብና በራሱ ቋንቋ ስም መስጠት ነው። ሁለት ሦስት አዝመራ የመዘገበ ሰው ማንም ሱቅ የማይሸጠው ካርታ በእጁ ይገባል።

ሂሳቡ ሲሠራ

አንድ ገዢ ከብቸና ተነሥቶ መገንጠያ ተሳሳተ እንበል። 25 ኪ.ሜ. ወርዶ ተመለሰ። ሞተሩ በ1 ሊትር 30 ኪ.ሜ. የሚሄድ ከሆነ የጠፋው ቤንዚን 2 ሊትር አይሞላም። በዚያ መንገድ ግን ሁለት ሰዓት ያልፋል። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ሌላ ገዢ ቀድሞ ቀብድ ቢከፍልና የኋለኛው በኩንታል 50 ብር ጨምሮ ለመግዛት ቢገደድ፣ በ100 ኩንታል 5,000 ብር ከኪሱ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ የካርታ ወጪ መመዘን ያለበት በቤንዚን ዋጋ ሳይሆን በሚያድነው ሰዓት ነው።

በዚህ ስሌት በአዝመራ ወቅት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚወጣ ገዢ በእጁ ያለው ስልክ ከወረደ ካርታ፣ ከፓወር ባንክና ከአንድ የ1፡250,000 ሉህ ጋር ይበቃዋል፤ የተለየ መሣሪያ መግዛት ለእርሱ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ወቅቱን ሙሉ በሞተር ለሚውልና ሠራተኞች ለሚያሰማራ ደግሞ በሞተሩ ባትሪ የሚሠራ መሣሪያ የስልክ መሰበርንና የባትሪ ማለቅን ስለሚያስቀር ወጪውን ሊመልስ ይችላል። ደብረ ወርቅንና መርጡለ ማርያምን ለማስጎብኘት እንግዳ ይዞ የሚወጣ ድርጅት ግን ሁለቱንም መያዝ አለበት፤ እንግዳ ይዞ መጥፋት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ስምም ያስከፍላል።

ካርታ የማያሳየው

በመጨረሻ፣ የትኛውም ካርታ የማይናገረው ነገር ጸጥታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ምሥራቅ ጎጃም የግጭት ቀጣና ሆኖ መቆየቱ ይታወቃል። ማሽኑ “አጭሩ መንገድ ይህ ነው” ሲል መንገዱ ክፍት ስለመሆኑ ምንም አያውቅም። ተጓዡ በዚያን ዕለት ሞተር እንዲንቀሳቀስ መፈቀዱን፣ ኬላው የት እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ከአካባቢው ሰው ሳያጣራ መነሣት የለበትም። መሪ ላይ የታሰረ መሣሪያና ዝርዝር የወታደር ካርታ የሚመስል ወረቀት ኬላ ላይ ጥያቄ ሊያስነሡ ስለሚችሉ የንግድ ፈቃድና መታወቂያ አብሮ መያዝ፣ ለምን እንደያዙትም በግልጽ መናገር ይገባል። መልሱ “ዛሬ አትሂድ” ከሆነ የጤፉ ዋጋ ምንም ያህል ቢያጓጓ መቅረት ነው።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ግን ተራው እንዲህ ይሆናል። ማታ በወረቀቱ ካርታ ላይ መስመሩ ይታሰባል፤ ወንዞቹና መገንጠያዎቹ ከነኪሎ ሜትራቸው በትንሽ ወረቀት ይጻፋሉ። ጠዋት የሞተሩ ቆጣሪ ይመዘገባል። መንገድ ላይ ቆጣሪው ከተጻፈው ጋር ይመሳከራል፤ ጥርጣሬ ሲመጣ ስልኩ ይወጣና ቦታው ይረጋገጣል። ወንዝ ሲደርስ ደግሞ ሞተሩ ይጠፋና ከወዲያ ማዶ የመጣው ሰው ይጠየቃል።